እሳቱ ከኔ ነው

አንተ ባሕሩን አምጣ፣ እሳቱ ከኔ ነው፤
ብሎ ከበሬ ላይ የጻፈው ባሌ ነው።
በቀይ ቀለም ነበር፤ ጨው በልቶት ገርጥቷል፤
ከባሕር ጎረቤት ያልዛገ ምን ቀርቷል?

ከገበያው ኋላ፣ ቺንግዳኦ፣ ጠባብ መንገድ፣
አሥራ ዘጠኝ ዓመት እሳት ሳነድ፣ ሳነድ፣
ሰው በስም አላውቅም፤ የማውቀው በፌስታል፤
አንዱ ሽሪምፕ ይዞ "ቶሎ በይ" ይለኛል፣
አንዷ ሸርጣን ይዛ፣ አንዱ ዝንጅብል ጠልቶ፤
ንዴቱን እኔ ላይ፣ ከሚዛን ተጣልቶ።

ዛሬ ግን እገዳው ተነሣ።
አራት ወር ተጣጥፎ የከረመው መረብ
ሌሊቱን ጠግቦ አድሮ ሲደርስ ከወደብ፣
ናፍጣ ናፍጣ ሸተተ፤ በረዶ ተፈጨ፤
የሰው ድምፅ ከሞተር፣ ከባሕር ወፍ ተፋጨ።
ወይዘሮ ቹ ሹሊያን፣ በጎማ ቦቲዋ፣
ውሃ እየረገጠች ከገንዳ ገንዳዋ፣
"ኑ! ገና አልሞተም! ይራገጣል፣ እዩት!"
ይኸኔ አንድ ሸርጣን አመለጠ ድንገት፤
በሰው እግር መሃል፣ በጎን እየሮጠ፣
ወደ ባሕሩ አቅጣጫ። (እንዴት አውቆ መረጠ?)
በባልዲ ደፋችው፤ ሳቀች በእፎይታ፤
"ይሄስ የራሴ ነው፤ እበላዋለሁ ማታ።"

ስለ ዛጎሉ ግን እኔን ብቻ ስሙ።
ሌሊት ጨው ውሃ ውስጥ አሸዋ ይተፋል፤
እንደ ሐሜተኛ ሆዱን ያራግፋል።
ከዚያ የጋለ ድስት፣ ዘይት፣ ነጭ ሽንኩርት፣
ሁለት ደረቅ በርበሬ፤ ውሃ ጠብታ አንዲት
እንኳ አልጨምርበት፤ የራሱን ያፈልቃል፤
ክዳን ደፍቼ ስሰማ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል፤
አንዱ ሲከፈት ሌላው ይከተላል፣
እንደ ማለዳ መስኮት።
እምቢ ያለውን አላስገድድም፤ እጥለዋለሁ፤
በሩን የዘጋ ሰው ምክንያት እንዳለው አውቃለሁ።

ቢራው ደግሞ እዚህ በፌስታል ነው፣ በኪሎ፤
ሰው ወደ ቤት ሲገባ በጣቱ አንጠልጥሎ
ያየ እንግዳ ሁሉ፣ ሳይጠይቅ፣ ሳይረዳ፣
ወርቅ ዓሣ የገዛ ይመስለዋል ለጓዳ።

ማታ የላን ልጅ መጣ፣ ሙሽራውን ይዞ።
ከጋንሱ ናት፣ ከአሸዋ አገር፤ ስሟ ዌንጂንግ።
ባሕር ያየችው ዛሬ፤ እፍኝ ቀድታ፣ ቀምሳ፣
"ሁሉም ጨው ነው?" አለች አሉ፣ ከንፈሯን ነክሳ።
ሽማግሌው አባቱ ቢጫ ዓሣ መርጦ፣
"በእንፋሎት ብቻ!" አለኝ፣ ዓይኑን አፍጥጦ።
አልነካካሁትም። እንዲህ ያለ ዓሣ ላይ
ሙያ ማለት እጅን መሰብሰብ ነው፣ በቃ።

ሥጋው እንደ ነጭ ሽንኩርት ፍልቃቂ
ነቀል ነቀል ይላል።
ላዩ አለቀና አጥንቱ ሲገለጥ፣
ልጅቷ ለአማቷ የተሻለውን ልትመርጥ
በመብያ እንጨቷ ዓሣውን ገለበጠችው።

ቤቱ ጸጥ አለ።

እዚህ አጥንት ያነሣሉ እንጂ ዓሣ አይገለብጡም፤
ጀልባ ባለበት ቤት ቃሉንም አይጠሩም።
ላን ደግሞ ወጣት ሳለ፣ በአንድ ብርዳም ሌሊት፣
በተገለበጠ ጀልባ ጀርባ ላይ አድሯል።
ከወንድሙ ጋር ወጡበት።
ሲነጋ ብቻውን ነበር።

የልጁ ጆሮ ቀላ። እሷ የሁሉን ፊት እያየች
ምን እንዳጠፋች ማንም ሳይነግራት ቀረች።
እኔ እሳቱን ቀነስኩ፤ ለምን እንደሆን እንጃ።

ላን ቢራውን አኖረ። ቀስ ብሎ፣ በእንጨቱ፣
እንደ ሕፃን፣ ዓሣውን አቃናው እንደ ጥንቱ፤
ራሱን ወደ እሷ አዙሮ፣ "ተገለበጠች እንጂ
መች ሰጠመች?" አለ። "ነይ፣ ልጄ፣ ጉንጩን ውሰጂ።"

ጫጫታው ተመለሰ። ልጁም ተነፈሰ።

ሂሳብ ስል ላን በሬን፣ ጽሑፉን ጠቆመኝ፤
"ባሕሩን አምጥቻለሁ፤ ደግሞ ምን ልትዪኝ?"
"እሳቱን!" አልኩት።
አሥራ አምስት ዩዋን ቆጠረ፣ እያጉረመረመ፣
ልክ እንደ ወትሮው።

ባሌ ጽሑፉን ነገ በቀለም ያድሰዋል፤
ይህን ካለ እንግዲህ ስድስት ዓመት ሞልቶታል።