ከበርጩማው ሥር

ሐምሌ ዴዶ ሲገባ፣ ደጁ ሲጨቀይ፣
ደረቅ ጥግ ፈላጊ እኔ ብቻ ነኝ ወይ?
ማገዶው ይገባል፣ ዶሮዋ ትገባለች፣
ፍየሏ ከነልጇ ምሰሶ ሥር ታድራለች፣
እሷም ትመጣለች።

እሷ ስል ያቺን አይደለም፣
ከጣራው ጥግ ጥላሸት ለብሳ የምትውለውን፣
ልጆች በመጥረጊያ የሚያወርዷትን ምስኪን።
ይህቺ ጥቁር ናት፣ ጥቁር፣ እንደ ተወለወለ ጫማ፣
ከአተር ብትበልጥ ነው፤ ኮቴዋ የማይሰማ።
ሆዷ ሥር ቀይ ምልክት፣
ቀበሌ እንደሚፈርም ሰው አውራ ጣቱን ነክሮ
አንዱ ያሳረፈባት።

መጀመሪያ ያየኋት ቤት ስጠርግ ነው፣
አባ ፊጣ በእጃቸው የጠረቡትን
ባለሦስት እግር በርጩማ ስገለብጠው፤
በእግሮቹ መሃል፣ ወጉ በጠፋ ድር፣
ሕፃን እንደ ቋጠረው ክር፣
ቁልቁል ተንጠልጥላ።
አማቴ እዚያ ላይ ሦስት ዓመት ተቀምጠዋል።
ሦስት ዓመት ሙሉ! በመካከላቸው አንዲት ጣውላ።

መጥረጊያዬን ሳነሳ አዴ ረዉዳ ያዙኝ።
«ተዪያት» አሉኝ፤
«ነቢዩ ዋሻ ገብተው፣ ጠላት በኋላቸው፣
ደጁን በድር ጋርዳ ያተረፈቻቸው
የዚህች ዘመድ ናት። ደግሞስ ካንቺ በፊት
ለዚህ ቤት ምራት ናት፤ ታላቅሽ ናት፣ አክብሪያት።»

እኔ የሂርማታ ልጅ፣ ሲሚንቶ ያሳደገኝ፣
ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ ራቀኝ።
ቦቲዬን ከግድግዳ ሁለቴ ሳላጋጭ እግሬን አላስገባም፤
የኢክራምን ፍራሽ በስልክ መብራት ሳልፈትሽ አልተኛም።
ጎረቤቴ ነጂሃ ሰምታ ሳቀችብኝ፦
«ንክሻውስ ይሁን፤ የሸናችብሽ ለት
አልማዝ ባለጭራ ይወጣብሻል» አለችኝ።
ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል ይባላል።
ይቺ ግን ከማንም አታብርም። ባሏንም አላየሁት።
በልታው ይሆናል።

ሐሙስ ለታ ዝናቡ ጋብ ሲል፣
አዴ ረዉዳ ከክምሩ እንጨት ሊያመጡ ወጡ።
«እሾህ ነው» አሉ ሲመለሱ፣ ጣታቸውን እየመጠጡ።
እሾህ ግን አይራመድም።
ይህ ተራመደ፤ ከጣት ወደ ክርን፣ ከክርን ወደ ብብት፤
ሲመሽ ሆዳቸው ሰሌዳ ሆነ፣ ላቡ አጠባቸው፣
«በረደኝ» እያሉ፣ ጥርሳቸው እየተንገጫገጨባቸው።
የሙዘይን ሞተር ጭቃው ውስጥ ተቀረቀረ፤
የሰፈሩ ወንድ በቃሬዛ ተሸክሟቸው
በባትሪ ብርሃን ቁልቁለቱን ወረደ።
ጤና ጣቢያ ሦስት ሌሊት።

በሁለተኛው ቀን የፈላ ውሃ ይዤ ገባሁ።
በርጩማውን ገለበጥኩ።
ነበረች። አልሸሸችም።
አንዲት ነጭ ከረጢት፣ ከጥጥ ፍሬ ያነሰች፣
በእግሮቿ ሁሉ አቅፋ ነበር።
ኢክራምን ጀርባዬ ላይ እንዳዘልኩ
አየኋት፤ አየችኝ፤ በስንት ዓይኗ እንደሆነ እንጃ።
አፈሰስኩት።

ክምሩ ውስጥ የነከሰችው እሷ ትሁን ሌላ
ዛሬም አላውቅም።

አዴ ረዉዳ እጃቸውን በሻሽ አንጠልጥለው ተመለሱ፤
በርጩማውን በግራ እጃቸው ገልብጠው ሥሩን ዳሰሱ።
ቃል አልወጣቸውም። መልሰው ተቀመጡበት።
ከሳምንት በኋላ፣ ቂጣ እየቆረሱ፣
«ዘንድሮ» አሉ፣ «ዝንብ በዛ በዚህ ቤት።»

ዛሬ ጠዋት ሽንት ቤቱ በር ላይ፣ ከጉበኑ እስከ መቃኑ፣
አንድ ክር አየሁ፤ ጤዛ ያዘለ፣ ወጉ የጠፋ።
ለማንም አልተናገርኩም።
ልጄን አዝዬ፣
እንደ አዲስ ምራት አንገቴን ሰብሬ፣
በሥሩ አለፍኩ።