ከኋላ ሁን

ሻርጃ፣ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት፤
ደጁ ወበቅ፣ የሰርቨሩ ክፍል ውርጭ።
ትእዛዙን ጽፌ ከጫፉ ምልክቷን አኖርኩ፤
“ከኋላ ሁን፣ አትታይ” አልኩ።
ስም የለውም፤ ቁጥሩ አራት ሺህ ሰባ አንድ።

መስኮቱን ብዘጋ እንኳ እንዳይሞት አዝዤ
(አንዴ ረስቼ፣ የሦስት ሌሊት ቅጂ ጠፍቶ፣ ደሞዜ ተቆርጧል)
ጃኬቴን ደርቤ ቁጭ አልኩ፣ ስልኬን ይዤ።

እህቴ ኑሪያ ዓጅማን ናት፤ በታክሲ ሃያ ደቂቃ፣
ሁለት ዓመት አላየኋትም፤ ሰው ጓዳ ጠልቃ።
ማውራት አይፈቀድላትም። ሚስኮል አደርጋለሁ፤
አንዴ ጠርቶ ሲቆም “አለሁ” ማለቴ ነው። አለሁ።

ሊነጋ ሲል ባዶ መስመር ብነካ
“ተፈጸመ” አለኝ፤ ካልነኩት አይናገርም ለካ።

ስልኬ ላይም አንድ ሚስኮል፣ አሥር ከሩብ።
ኑሪያ።
መልሼ አልደወልኩም።
እየሠራች ነው።