ጉልበት

ከካልሲዋ በላይ፣ ከጉልበቷ ታች፣
የክብሪት ቀፎ የምታህል ዕቃ አለች፤
እኔ ነኝ ያሰርኳት፣ በላስቲክ ጠቅልዬ፣
«አጠበቅኩት እንዴ?» ብዬ፣ «ላላልሽ?» ብዬ።
ስትዘል ትቆጥራለች፣ ስታርፍ ትቆጥራለች፣
ስትዞር፣ ስትገታ፣ ሁሉን ትጽፋለች።
አመረች ዱካሞ፣ አሥራ አንድ ቁጥር ለባሽ፣
ከአለታ ወንዶ መጥታ የሜዳው ግራ ወራሽ።

ከሾላው ጥላ ሥር በርጩማ ላይ ወድቄ፣
ላፕቶፔን ከፀሐይ በጃኬት ደብቄ፣
መስመሯን አያለሁ።
ቀኟ ሲያርፍ ለስላሳ ኮረብታ ነው፤
ግራዋ ግን ገደል። ጉልበቷ የሚያዘነብለው
ወደ ውስጥ ነው፣ በጥቂቱ፣ በዓይን የማይታይ፣
ሚስጥር እንደሚያንሾካሽክ፣ በሌላኛው ጉልበት ጆሮ ላይ።

አባ ኮዳው ደግሞ፣ ከአሞራ ገደል አጥር፣
ባንድ እግሩ ቆሟል፤ ማንም እሱን አይቆጥር፣
ማንም አያስርበት፤ አንድ እግሩን ወደ ላይ አጥፎ
የዓሣ አንጀት ይጠብቃል፣ እንደ ጡረተኛ ተሰልፎ።

አሰልጣኝ በራሶ መጣ። «እና? ቅዳሜ ነው ጨዋታው!»
«ከመቶ ሠላሳ አራት» አልኩት። «ሠላሳ አራት ምን?»
«ስጋት።» ሳቀ። «ታዲያ ስድሳ ስድስቱ የማን?
የኛ ነው በለኛ!» ብሎ ፊሽካውን ነፋ፤
አሸዋ ላይ የጻፍኩት ይመስል ቁጥሬ ጠፋ።

እሷ ግን መጣች፣ ላቧን በማልያዋ አብሳ፣
የግራውን መስመር በጣቷ ተከትላ፣ ዳስሳ፤
«ይበጠሳል ነው የሚለው፣ ወይስ ይበጠስ ይሆናል?»
በዚህች በ«ይሆናል» ውስጥ ስንት ልጅ ይተኛል፣
ስንት ልጅ ይሮጣል፣ አልነገርኳትም።
በኔ ጊዜ የሚቆጥር አልነበረም፤
«ጧ» አለ፣ ወደቅሁ፤ ከዚያ ወዲያ አልሮጥኩም።
ጉልበት ሲባል በኛ ቋንቋ አጥንቱም ነው፣ አቅሙም፤
አንዱን ሲወስዱብህ ሌላውን አያስቀሩም።

«ቅዳሜ አትሰለፍ» ብዬ ጽፌ ፈረምኩ፤
ዕቃዋን ፈትታ ወረወረችልኝ፤ ኪሴ ከተትኩ።
አላየችኝም። ላስቲኩ ገና በላቧ ሞቆ ነበር።

ማታ፣ ከክፍሌ ሥር፣ ከጁስ ቤቱ በረንዳ፣ መዝገቡን ብከፍተው፣
ከልምምዱ በኋላ ሌላ መስመር አለ፣ ያልጠበቅሁት ነው፤
አንድ ረጅም፣ አንድ አጭር፣ አንድ ረጅም፣ አንድ አጭር፣
ከሐይቁ እስከ ፒያሳ፣ ዳቦ ቤቱ ጋ ቆሞ፣ እንደገና ሲዞር።
«ይህ የማን እግር ነው?» አልኩ።
ማጥፋቱን ረስቼ፣ ኪሴ ይዤው መጥቼ ኖሯል።
ከታች፣ በቀይ ቀለም፣ መቶኛው ተጽፏል፤
አላነበብኩትም።
ወደ ክፍሌ አሥራ ስድስት ደረጃ ነው። ጉልበቴ ያውቃል።