የኦስታፕ ሐይቅ

ማክሰኞ ነው የመጣው፣ ባቡሩ በሚያልፍበት፣
ማኅተም ያለው ደብዳቤ፣ ካርታ የታጠፈበት።
«በሰሜን፣ ሰው በሌለበት፣ በጥድ ጫካው መሐል
በወንድምሽ በኦስታፕ ስም አንድ ሐይቅ ተሰይሟል።»

መነጽሬን ጠርጌ ጣቴን በካርታው ሰደድሁ፤
ከሰናፍጭ ቅንጣት የምታንስ ሰማያዊ ነጥብ አገኘሁ።
እዚህ ነህ ማለት ነው?

ኦስታፕ፣ እኛና ውሃ መች እንተዋወቃለን?
ዐሥራ አንድ ቤት ነን በቬርባ፣ ከስንዴ መሐል ያለን፤
አንድ የእህል ጎተራ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት የሚረዝም፣
የቀረው ነፋስ ነው፤ ከእሱ ሌላ ጎረቤት የለም።
አባባ በአካፋ የቆፈረው የከብት ኩሬ፣
ባሕራችን እሱ ነበር። ሐምሌ ሲገባ ይደርቃል።
አንድ ቀን ገባህበት፤ ከጉልበትህ ሲደርስ ጮኸህ ወጣህ።
እናታችን ሆዷን ይዛ ሳቀች፦
«ይሄ ልጅ በሾርባ ሳህን ይሰጥማል!»

አጨዳው ሳያልቅ ጠሩህ።
መንሹን ከግድግዳው አስደግፈህ «መጣሁ» አልህ፣
እሳት ሊጭር ጎረቤት እንደሚሄድ ሰው።
መንሹ እንደ ቆመ ቀረ፣ አባባ አያስነካም ነበርና፤
ሦስት ዓመት በረዶ ለበሰ፣
እጀታው ለሁለት ተሰነጠቀ።

ቴሌግራሙ አጭር ነው። ጣሊያን አገር። ወንዝ ሲሻገር።
የወንዙን ስም የፖስታ ቤቱ ሹም፣ ሽማግሌው ማክፌይል፣
ሦስት ጊዜ ጀመረና ተወው።
ጥይቱ ይሁን ውሃው የወሰደህ፣ አልተጻፈም።
እናታችን እስከ ዕለተ ሞቷ የጠየቀችው ይህንኑ ነው፤
ቄስ ቢመጣ ትጠይቃለች፣ ወተት ገዢ ቢመጣ ትጠይቃለች፣
አንድ እግሩን እዚያ ትቶ የተመለሰውን የሚካይሎን ልጅ
እጁን ጨብጣ አልለቀው አለች፦
«ልጄ ጮኾ ነበር?»

እና አሁን፣ ዋና የማታውቀውን ልጅ
የውሃ ዋና አደረጉህ!
ሹመት ይሁን ምጸት፣ እኔ ምኑን አውቄ፤
ዓሣው ስምህን አይጠራው፣ ዳክዬ አያነብ።
የመንደሩ ሰው ግን «እንኳን ደስ ያለሽ» አለኝ፤
ካርታውን ከጓዳው በር ላይ በሚስማር መታሁት።

ማታ መልስ ጻፍሁ። አመሰገንሁ፤ ደግ ደግ ቃል ፈለግሁላቸው።
ከፊርማዬ በታች፣ ወረቀቱ ስለ ተረፈኝ፣
አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁ፦
ጥልቀቱ ስንት ነው?
ከጉልበት ያልፋል?