የዋንዛው ደባል

ግንቦት ሲጋመስ ነው። ክረምቱ ሳይጠና
ከሽቦው የደረሰ ቅርንጫፍ ልናቀና
ከእንጅባራ ወጣን፣ በዘንገና መንገድ፣
መሰላል ተሸክመን፣ መጋዝና ገመድ።

ከመስመሩ በታች አንድ አሮጌ ዋንዛ፣
እጁን የዘረጋ፣ ጥላው የተንዛዛ።
ቁረጥ አሉኝ፣ ቆረጥሁ። ሥራዬ ነው መቁረጥ።
ግንዱ ቆሞ ቀርቶ፣ ክንዱ ከጭቃው ሲቀመጥ
በላዩ ላይ ሳየው አንድ ነገር አለ፣
ከዛፉ ያልሆነ፣ በዛፉ የታዘለ፦
ቅጠሉ ወፍራም ነው፣ እንደ ጥጃ ምላስ፣
ሥሩ አመድ ለብሶ አየር የሚዳስስ።

«ተቀጽላ ነው፣ ተወው» አለ ጓዴ ይመኑ፣
«የዛፍ ደም መጥጦ ነው የሚያልፍለት ቀኑ።»
እኔም ደባል ነበርሁ፣ ያውም የአምስት ዓመት፣
በወይዘሮ የሽወርቅ ጓሮ፣ ባንድ ክፍል ቤት።
ምን እንደሆንሁ እንጃ፤ የሥራ ቆቤን
ገልብጬ ከተትሁት፣ ሳልጨርስ ቀኔን።

መጀመሪያ ያደረግሁት የጀማሪ ሁሉ ጥፋት፦
በቲማቲም ቆርቆሮ አፈር ሞልቼ ቀበርሁት።
ውኃ አጠጣሁት ጧት፣ ውኃ አጠጣሁት ማታ፤
ፍቅር የመሰለኝ ጎርፍ ነው፣ ያ ስጦታ።
በሳምንቱ ሁለት ሥር ሟሙቶ አገኘሁ፣
የበሰበሰ ሽንኩርት ሸተተኝ፤ ደነገጥሁ።

ሁለተኛው ጥፋት የሙያዬ ነበር፦
በመዳብ ሽቦ ቁራጭ ከእንጨት ጋራ ማሰር።
እጄ የሚያውቀው ያን ነው፤ አጠበቅሁት ደግሜ።
ሽቦው የነካው ሥር ከሰለ፤ አየሁት ቆሜ።

የችግኝ ጣቢያዋ፣ እትዬ ስመኝ፣
እስኪበቃት ስቃ፣ ኋላ መከረችኝ፦
«ፍታው፤ መዳብ ይመርዘዋል። አፈሩም መቃብሩ።
ይሄ ዛፍ አይበላም፤ መቆሚያ ነው ችግሩ።
ጉም ጠጥቶ ያድራል፤ በእንግድነቱ አይከፋም።
ዛፉ ትከሻውን ነው ያከራየው፤ ደሙን አልሰጠም።»

ያንኑ የዋንዛ ክንድ፣ ልጡ የተሸበሸበ፣
ስንዝር ተኩል ጎመድሁ፤ መጋዜ አንዴ አሰበ።
ጥቂት የድንጋይ ሽበት ከሥሩ ጎዘጎዝሁ፣
ከየሽወርቅ የናይለን ካልሲ ለምኜ አሰርሁ፣
ሳይላላ፣ ሳይጠብቅ፣ ወጌሻ እንደሚያስር ክንድ፤
ከምሥራቁ መስኮት ሰቀልሁት፣ በቀጭን ገመድ።

አሁን አውቃለሁ፦ ሥሩ ብር ሲመስል ጠምቶታል፣
ሲረካ ያ ብር ያልፍና አረንጓዴ ይወጣል።
በዝናብ ውኃ ባልዲ ሩብ ሰዓት እነክረዋለሁ፣
ከዚያ እስኪደርቅ ድረስ የራሴን እጅ አስረዋለሁ።
ሐምሌ ሥራ ፈት ነኝ፤ ሳልጠራው ጉሙ
ገብቶ ያጠጣዋል፤ እሱ ነው ወንድሙ።
መጋቢት ግን ክፉ ነው፤ ደረቅ ነፋስ፣ አቧራ።
አንድ ጊዜ ረሳሁት፣ ባሕር ዳር ሄጄ ለሥራ፤
ስመለስ ቅጠሉ ተጨብጧል፣ እንዳኮረፈ ሙሽራ።

ከፍ ያለ ቦታ ለምጃለሁ፤ ከምሰሶ ላይ
በቀበቶ ታስሬ ነው የማየው አገር፣ ሰማይ።
እሱም እንደኔው ነው፣ የሚኖር ተንጠልጥሎ፣
እግሩ አፈር ሳይነካ፣ «ይይዘኛል» ብሎ።

ይመኑ ሲመጣ ይጠይቃል፦ «አበባውስ ታዲያ?»
የለም። ዓመት ከመንፈቅ ሞላን፤ የለኝም ማሳያ።
ነጭ ነው ትላለች ስመኝ፣ የሚሸተው በሌሊት፣
ያለ አምፖል፣ ያለ ሽቦ የሚያገኘው የእሳት ራት።
እኔ የመስመር ሠራተኛው ይህን ሰምቼ ዝም አልሁ።

ትናንት መብራት ሲጠፋ የእጅ ባትሪ አበራሁ።
አዲስ ሥር። ጫፉ ለምለም፣ የምስር ክክ የሚያህል፣
በካልሲው ክር መሐል አልፎ ከልጡ ተጣብቋል።
የቆረጥሁትን ክንድ፣ መሞቱን እንዳልሰማ ሰው፣
እንደ ድሮው ጨብጦ አገኘሁት፣ ሳላስበው።

«ሲይዝ ማሰሪያውን ቁረጥ» ብላኝ ነበር ስመኝ።
መቀሱን አነሣሁ። መቁረጥ ሥራዬ ነው። እጄ እምቢ አለኝ።

መብራት መጣ። ከግድግዳው ወዲያ ሳቅ፤ ወይዘሮ የሽወርቅ፦
«አንተ ልጅ፣ ካልሲዬን ትመልሳለህ? ቁርጤን ልወቅ።»

«ትንሽ ይቆይ» አልሁ።