አፋፍ

ስንዴው ከታጨደ ሳምንት አልሞላውም፣
ገለባው ከጫማ ሥር ይንኮሻኮሻል፣ ጤዛው አልለቀቀውም።
ሳስካችዋን ናት፤ ሰማይ ብቻ ያላት፣
ዛፍ ቢበቅል እንኳ ነፋስ የሚያጎብጥባት።

እኔ ነጥብ መዝጋቢ ነኝ፣ እርሳሴ ከጆሮዬ ጀርባ፣
ሠላሳ ሁለት ስም በእጄ፣ ሁሉም ብርቱካንማ ካባ፣
ትንሹ አሥራ አንድ ዓመት፣ ትልቁ አሥራ ሰባት፣
ከፊሉ ጥርሱ ላይ ሽቦ ያለበት።
ቀስት አለ፣ ካርታና ኮምፓስ፣ የአውሬ ዱካ ማንበብ፣
ጭቃ ላይ የታተመው ተኩላ ነው ወይስ ውሻ ብሎ ማሰብ፤
የሁሉ ፍርሃት ግን ያ የመጨረሻው መንገድ ነው፣
ጠመንጃው እውነተኛ፣ ጥይቱ የውሸት፣ ፕላስቲክ የሆነው።

አጥሩ ጋ ሜትሮ አለ። ሜትሮ ሃውሪሉክ።
በየዓመቱ እዚያው፣ ከዚያው ቋሚ እንጨት ጎን፣ ልክ
አብሮ እንደ ተተከለ።
ለምን አጥሩን ብቻ ትመርጣለህ ብሎ የጠየቀው
አንድም ሰው የለ።
እናውቃለን። ስቴፋን የሚባል ታናሽ ነበረው።
አርባ ኅዳር አልፏል። ሽቦው ነው፣ ጓንቱ ነው፣ በረዶው ነው፣
ማን ያውቃል። አጥር ሲሻገሩ ነበረ።
ሜትሮ ከዚያ ወዲህ አደን አልወጣም፤ ልጆች ግን አስተማረ።

«ክፈቺው» ይላል። «አውጪው። ባዶነቱን በጣትሽ ዳሺው፣
ዓይን ይዋሻል። አሁን ከሽቦው ሥር መሬት ላይ አስተኚው።
አፉን ከሰው አዙሪ። አሁን ተሻገሪ።
አትቸኩዪ፣ ልጄ። ማንም አይሸሽሽም። ቀስ ብለሽ ተሻገሪ።»

ከአጥሩ ወዲያ አቀበት። ከአቀበቱ ጫፍ አፋፍ።
አፋፉ ላይ ከጣውላ ተቆርጦ፣ ቀንዱ እንደ ዛፍ
ደመና የሚወጋ አንድ አጋዘን ቆሟል፤
ከኋላው ሰማይ ብቻ። ማን አይቶ ያልፈዋል?

ኮልተን አላለፈውም።
ተንበረከከ፣ ትንፋሹን ዋጠ፣ አነጣጠረ፣ ሳበ።
ቀጭ! አጎቱ ከኋላ አጨበጨበ።

ዳርካ ተከተለች። አሥራ ሦስት ዓመቷ፣
ካባው ጉልበቷ የሚደርስ፣ ኮፍያው የአያቷ።
አነሳች። አየች። ደግማ አየች።
ዝንብ ጆሮዋ ላይ አረፈ፣ አልተንቀሳቀሰች።
ቆይታ አፈሙዙን ወደ ሣሩ መለሰች።
«ከኋላው ያለውን አላየሁም» አለች።
«ትልቅ ቀንድ እኮ ነው» አላት ዳኛው፣ ሊፈትናት።
ትከሻዋን ሰበቅ አደረገች፤ ሌላ ቃል አልወጣት።

ለገዳይ በየአገሩ ግጥም አለው፣ ቀረርቶ አለው፤
ላልተኮሰ ማን አቅራራ? ማነው ጎፈር ያለበሰው?
ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ አይመለስም ይባላል፤
ከአፈሙዝ የወጣስ? አፋፉን አልፎ የት ይውላል?

በምሳ ሰዓት አቀበቱን ወጣን። ማዶው ቁልቁል ነው።
ተጣጣፊ ጠረጴዛ፣ የጎመን ጥቅል፣ የቆሙ መኪኖች፣
ጋሪ ውስጥ የተኛ ሕፃን አየን፣ ከአጋዘኑ ትይዩ ነው።
የኮልተን እናት ሐብሐብ ትቆርጣለች፣
«መታኸው?» ብላ ትጠይቀዋለች።
ኮልተን አልመለሰም። ቁራሹን ይዞ ቀረ፣
ጭማቂው በክርኑ ወርዶ ጫማውን ነከረ።

ማታ ሽልማት ሆነ። ዳርካ አራተኛ ወጣች።
በቀስቱ ሁለቴ ስታለች፣ ኮምፓሱ ላይ ዘግይታለች።
ሜዳሊያ ለሦስት ነው። እኔው ነኝ የደመርኩት፤
እንደገና ደመርኩ፣ አልተለወጠም፣ እንዳለ ተውኩት።

ሰው ሁሉ ሲበተን የረሳሁትን ወረቀት ፍለጋ ተመለስኩ።
ጠመንጃዎቹ ሣጥን ገብተው ተቆልፈዋል።
ሜትሮ ገና አጥሩ ጋ ነበር።
ባዶ እጁን ዘረጋ፣
በእጁ የሌለውን ከፈተ፣
ባዶነቱን በጣቱ ዳሰሰ፣
ከሽቦው ሥር መሬት ላይ አስተኛው።
በዚያ በሚንቋቋ ጉልበቱ ቀስ ብሎ ተሻገረ።
ከዚያ ዞረና
ሽቦውን በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ ያዘ፣
አንድ ሰው አጎንብሶ
ለማለፍ የሚበቃውን ያህል ጊዜ።