የወንበር እግር ቋጠሮ

ከሌሊቱ ስድስት ሲሆን ይዘጋል መዝገቡ፤
ቦራ የሚሉት ነፋስ ከካርሶ አምባ ወርዶ፣
ትሪየስተን ከነግንቡ
ይገፋል ወደ ባሕር፤
አሮጊቶች ገመድ ይዘው ይሻገራሉ በየዳር።
እኔ ከኩሽናው ወንበር፣
ሁለት ቃል ፊቴ ተጋድመው፣ እንደ ሁለት በር።

«የልብ ቀዶ ጥገና» ይላል የአንደኛው መዝጊያ፤
በሁለተኛው «ቆዳ»፣ የደኅና እንቅልፍ መጠጊያ፤
ከጧቱ ሁለት ተገብቶ፣ ስምንት ሰዓት መውጫ፣
ልጅን ከመዋያ አንስቶ በወደቡ መሮጫ።
ውጤቴ ለሁለቱም ይበቃል።
ባይበቃ ይሻል ነበር፤ ሰው ሲከለከል ይቀለዋል።

ቆዳን ንቄ አይደለም። ከአንዲት ጥቁር ነጥብ ላይ
ሞትን ቀድሞ የሚያይ፣
እሱም ሐኪም ነው። እኔ ግን አንድ ዕለት
የሰው ልብ ቆሞ አይቻለሁ፣ በቀዝቃዛ ውኃ ታጥቦ፣ ጭጭ ያለበት፤
ከዚያ ዶክተር ፉርላን መቆንጠጫውን ስታላላ፣
መጀመሪያ እንደ ዓሣ ጅራት ተርገፍግፎ፣ ኋላ
«እሺ» እንዳለ ልጅ ምቱን ሲይዝ፤
ጭንብሌ ውስጥ አለቀስኩ፣ ሳልናገር፣ ሳልተክዝ።

ፉርላን ስልሳ ሁለት ዓመቷ ነው። ምሳዋን ቆማ ትበላለች።
«ይቆጭሻል?» ብላት፣ «አንዴም አልቆጨኝም» አለች፤
ከዚያ ዝም። ቆይታ፣
«ምድጃዬ ግን እንዴት እንደሚለኮስ አላውቅም» አለችኝ፣ ጭንብሏን ፈትታ።

እህቴ «ቆዳ ገንዘብ አለው» ብላ ጨርሳለች፤
እናቴ ከደሴ ደውላ፣ «ብቻ ልብ በይ» ትለኛለች፤
እሷ ምክር ነው ያለችኝ፣
ስሙን ጠርታ እንደመረጠች መቼ አወቀች!

ሶስና ሦስት ዓመቷ ነው፤ ቃል ታደባልቃለች፤
አባቷን በአማርኛ፣ አሻንጉሊቷን በጣልያንኛ ትቆጣለች።
እኔን «ነገ ትመጫለሽ?» ትለኛለች፣ እዚያው ፊቷ ቆሜ፤
መልስ ሳጣ ፀጉሯን እጎነጉናለሁ፣ አጎንብሼ፣ ደክሜ።

ሌሊት ክር ይዤ እለማመዳለሁ፣ በአንድ እጅ መቋጠር፤
ከሁሉም የሚመቸኝ የሷ ወንበር እግር።
ጧት «ወንበሬን አመመው?» ትላለች፣ ጥቁሩን ሐር አይታ።
አንዷለም ነው የሚፈታው፣ በጥፍሩ፣ በሹካ ጫፍ፣
የአውቶቡሱ መነሻ ሰዓት እስኪያልፍ።

ዛሬ ማታ፣ «ቆዳ ብዬ ልሙላ» አልኩት፣ «ስለ እናንተ ብዬ።»
ሳህን ያጥብ ነበር። ውኃውን ዘጋ። «ስለ እኛ አትበይ» አለኝ፤
«የዛሬ አሥር ዓመት ዕዳ ሆኖ ይመጣብኛል፤
ወለዱን መክፈያ የለኝ።
ቆዳን ወደሽው ከሆነ፣ ያዢው፤ እኔም ደስ ይለኛል፤
ልብን ከመረጥሽ ግን አልዋሽሽም፣ ብዙ ሌሊት ይከፋኛል፤
ብቻዬን እበላለሁ፤ እናደድብሻለሁ፤
ይህንንም አብረሽ ቁጠሪው። ዋጋውን ሳልደብቅ ነግሬሻለሁ።»

«ሂጂ» ቢለኝ ይቀለኝ ነበር፤ «ቅሪ» ቢለኝም እንዲያው፤
እሱ ሚዛኑን አስጨብጦኝ ገባ ሊተኛ፤ የንጋቱ ፈረቃ ነው ተራው።

አምስት ሰዓት ተኩል። ቦራ መስኮቱን ያንኳኳል፤
ጣቴ ቁልፉ ላይ ያርፋል፣ ይነሳል።
ብዕሬ ወድቃ ጎንበስ ስል፣ ከወንበሯ እግር ሥር
የሰኞ ሌሊት ቋጠሮ፣ አንዲት ብቻ፣ ሳትፈታ፤
ረስቷት ይሁን ትቷት፣ እንጃ።
ዳሰስኳት። አልላላችም።

ከዚያ በመጀመሪያው መስመር «ልብ» ብዬ ሞላሁ፤
ሁለተኛውን ባዶ ተውኩት። ላክሁ።
ደስታ አልነበረም፤ ፍርሃትም ብቻ አልነበረም፤
ከስሙ በፊት የመጣ ነገር ነው፣ አልጠራሁትም።

ተነሥቼ ምድጃውን ለኮስኩ፤
ምንም አልጣድኩም፤
እንዲሁ፣ እጄ ያስታውስ እንደሆን ብዬ።